የማክሰኞው እሺታ

መጀመሪያ ያየሁት ድንጋዩን ነው።

በአቶ ሳህሌ ተሰማ ግቢ ውስጥ በአንድ ረድፍ የተሠሩ ስድስት የኪራይ ክፍሎች ነበሩ። የሁሉም ግድግዳ ጭቃ፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ፣ በራቸው አረንጓዴ ነው። ከሦስተኛው በር ፊት ብቻ አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል። ከፍታው ከግማሽ ስንዝር አይበልጥም። ጠርዙ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ለስልሷል፤ ላዩ ግን እንዳያንሸራትት በሹል ነገር ተፍቆ ሸካራ ሆኗል። ጎርፍ እንዳይገባ የበሮቹ ደፍ ከፍ ተደርጎ ስለተሠራ ሁላችንም ጉልበታችንን አንሥተን ነበር የምንገባው። የሦስተኛው ክፍል ተከራይ አሰጋሽ ግን ረጅም ሴት ናት። በአንድ እርምጃ ድንጋዩንም ደፉንም ተሻግራ ትገባለች፣ ተሻግራ ትወጣለች። አንድ ቀን እንኳ ስትረግጠው አላየሁም።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ለአንድ ዓመት አቋርጬ፣ እንደ ጊዜው ደንብ፣ አቃቂ ላስተምር ተመድቤ ነበር። ትርፍ ቤት ገና አልተወረሰም፤ አከራይ ማለት ግለሰብ ነው። በጥቅምት መጀመሪያ አራተኛውን ክፍል ተከራየሁ። በሳምንቱ አላስችል ብሎኝ ጠየቅኋት።

«እትዬ አሰጋሽ፣ ይህ ድንጋይ ምን ያደርግልሻል?»

«ለእኔ ምንም። የእናቴ ነው።»

«እናትሽ የት ናቸው?»

«አዋሽ።»

ግማሽ ቀን በባቡር ከሚያስኬድ አገር ላለ እግር መረገጫ ተቀምጦ ሳይ ገረመኝ። ቆሜ ድንጋዩን ሳየው ሳቀችብኝ።

«ጉልበቷ አይታጠፍም። እግሯን ከዚህ በላይ አታነሣም» አለች በእጇ ቁርጭምጭሚቷን እያሳየች። «ስትመጣ ድንጋይ ፍለጋ ላስቆማት ነው?»

አሰጋሽ የተወለደችው አዋሽ ጣቢያ፣ የሐዲድ ሠራተኞች በሚኖሩበት ሰፈር ነው። አባቷ ፈየራ ሐዲድ ጠጋኝ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ብሎን ሲያጠብቁ ኖረው አንድ ቀን እንኳ በባቡሩ አዲስ አበባ ሳይገቡ ሞቱ። እሷ በአሥራ ሰባት ዓመቷ አቃቂ ከባቡር ወረደችና ጥጥ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ገባች። አንድ ጊዜ አግብታ ነበር። ባልየው ወደ አሰብ ሥራ ፍለጋ እንደ ሄደ ቀረ፤ ስለ እሱ ስታወራ «ያ መንገደኛ» ነበር የምትለው። ልጅ የላትም። ከሥራ ስትመለስ በጸጉሯና በቅንድቧ ላይ የጥጥ ብናኝ ይቀራል። በሠላሳ አምስት ዓመቷ ከሩቅ ስትታይ የሸበተች ትመስል ነበር፤ ፊቷን ስትታጠብ ደግሞ ተመልሳ ወጣት ትሆናለች። ይህንንም በየቀኑ እያየሁ በየቀኑ ይገርመኝ ነበር።

እናቷ እማማ አደሴ ከባላቸው ሞት በኋላ የወንድማቸው ልጅ ኩምሳ ዘንድ ተጠግተው ይኖሩ ነበር። ኩምሳ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ሰባት ልጆች አሉት፤ ቤቱም አንድ ክፍል ነው። አሮጊቷ የሚተኙት በሩ ሥር ነው። ዓይናቸው ስለደከመ ማታ የሚገባውና የሚወጣው ሁሉ ይረግጣቸዋል። አሰጋሽ በዓመት ሁለት ጊዜ ሄዳ ስታያቸው እጃቸው ላይ የጫማ ሰንበር ታገኛለች። የፈለገችው ነገር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እናቷን አምጥታ እዚያች ክፍል ውስጥ፣ ማንም በማይረግጣቸው ጥግ ማስተኛት።

ክፍሏን የተከራየችው ደግሞ ለአንድ ሰው ነው።

አቶ ሳህሌ ድሮ ጣቢያው ላይ የጭነት ሚዛን ሠራተኛ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላም መመዘን አልተዉም። የግቢውን ቧንቧ ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከፍተው ባልዲያችን እስኪሞላ ቆመው ያዩናል። ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ባልዲ። እንግዳ ካደረ በማግስቱ ጫማውን በር ላይ አይተው ይጠይቃሉ። ክፉ ቃል ከአፋቸው አይወጣም፤ ክርክር ሲጨርሱ የሚሏት አንዲት ቃል ናት፦ «እንግዲህ።»

አሰጋሽ የፈረቃ ለውጧ ቀን ስለሆነ በየማክሰኞው ጠዋት ቧንቧው ላይ ትጠይቃቸዋለች። እኔ ከመምጣቴ በፊት ከነሐሴ ጀምሮ ስትጠይቅ ነበር። ቃሏ አይለወጥም።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። ያ ነገር እንዴት ሆነ?»

«ቤቱን ያከራየሁሽ ለስንት ሰው ነው?»

«ለአንድ፣ ጋሼ።»

«አንድ ስንት ነው?»

«አንድ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ።»

አንዳንዴ ደፍራ ትቀጥላለች። «እናቴ እኮ ሙሉ ሰው አትባልም፤ አጥንቷ ነው የቀረ። ውሃዋንም ከራሴ ባልዲ ነው የማካፍላት።»

«አሁን እንዲህ ትያለሽ። ነገ አንድ ነገር ቢሆኑስ? ልቅሶው የሚቀመጠው የት ነው? እዚህ ግቢ። እኔ ያከራየሁት መኖሪያ ነው እንጂ የሬሳ መውጫ አይደለም።»

ሁለት ጊዜ ድንጋዩን «ግቢዬን አታበላሺ» ብለው አስነሥተዋታል። ሁለቱንም ጊዜ አንሥታ፣ ሁለት ቀን ቆይታ መልሳ አስቀምጣዋለች።

ለምን ሌላ ቤት እንደማትፈልግ ጠየቅኋት። በሰቃ የሚባለውን ሰፈር ቤት ለቤት ዞራ ጨርሳዋለች። «መጀመሪያ ‹ባልሽ የታለ?› ይላሉ። ‹የለኝም› ስል በሩን ይገፉታል። ‹አለኝ፣ አሰብ ነው› ስል ደግሞ ‹ሲመጣ አብራችሁ ኑ› ይሉኛል። እንግዲህ ያንን መንገደኛ ከየት ላምጣው?» የሚቀበሏት ቤቶች ከፋብሪካው የራቁ ናቸው፤ የሌሊት ፈረቃ ለምትሠራ ሴት በእርሻ መሃል መሄድ አይሆንም።

በእሷና በእኔ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ጣሪያው ጋ አይደርስም ነበር። የእሷ ኩራዝ የእኔን ጣሪያ ያበራል፤ የእኔ ድምፅ የእሷ ቤት ይገባል። እኔም ያኔ የጻፍኩትን ሁሉ ጮክ ብዬ የማንበብ ልማድ ነበረብኝ። ከማዶ «አንተ መምህር፣ ያንን ድገመው እስኪ» ትለኛለች፤ እደግመዋለሁ። «ድምፅህ ጥሩ ነው፤ ነገሩ ግን አልገባኝም» ትላለች። ከዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎቼ የዚያን ያህል ቀጥተኛ ትችት ሰምቼ አላውቅም።

ተከራይ አድራሻ የለውም። የእኔም ደብዳቤ «በአቶ ሳህሌ ተሰማ ግቢ» ተብሎ ነበር የሚመጣው። ይህን አስቀድሜ መናገሬ በኋላ ለሆነው ነገር ነው።

ጥር ገባ። የአቶ ሳህሌ የመጨረሻ ልጅ ልትዳር ነበርና ግቢው በጌሾ ሽታ ተሞላ። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አቶ ሳህሌ በር ላይ ጠበቁኝ።

«መምህር፣ ና እስኪ ግባ።»

ሳሎናቸው በተዋሱት ወንበር ተጨናንቋል። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «የጣቢያው ዘበኛ አመጣልኝ። በፈረንጅ ፊደል ነው። ምን ይላል?»

ቴሌግራም ነበር። ፊደሉ የፈረንጅ ቢሆንም ቋንቋው አማርኛ ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ እስከ መሃሉ ድረስ ምን እያነበብኩ እንደሆነ አልገባኝም።

«ለአቶ ሳህሌ። የአሰጋሽ እናት አደሴ ዓርብ አረፉ። ቅዳሜ ተቀበሩ። እንደ ወጉ እርስዎ ያርዷት። ኩምሳ።»

ኩምሳ ያደረገው ትክክል ነበር። መርዶ ለልጅ በወረቀት አይላክም። አጠገቧ ላለ ትልቅ ሰው ይነገርና እሱ ሽማግሌ ሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በሰው መሃል ያረዳታል፤ ብቻዋን ሰምታ እንዳትወድቅ። ኩምሳ አጠገቧ ያለ ትልቅ ሰው ፈለገ። ያገኘው አከራይዋን ነው።

አቶ ሳህሌ ተነሥተው አማተቡ። «ነፍስ ይማር» አሉ፤ ከልባቸው ነበር፤ ዓይናቸው ረጠበ። ከዚያ ተቀመጡና የጌሾውን ጆንያ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ሠርጉ መቼ ነው?» አሉኝ፣ ደጋሹ እኔ የሆንኩ ይመስል።

«የሚቀጥለው ሳምንት እሁድ።»

«አሥራ ሦስት ቀን።»

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ሊነግሯት ይገባል።»

«መርዶ የሚያረዳው ማን ነው? አንተ ነህ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«የተላከው ለማን ነው?»

«ለእርስዎ።»

«እንግዲህ።»

ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው በእጥፋቱ አጠፉት። «ስማኝ ልጄ። ነፍሰ ጡር ትደበቃለች፤ የታመመ ይደበቃል፤ ዘመዱ እስኪሰበሰብ የሚደበቅ አለ። ወግ ነው። እኔ አልዋሸኋትም፤ ቀን መረጥኩ እንጂ። ሴትዮዋ አፈር ገብተዋል፤ ነገ ብትሰማ አትደርስባቸውም። ሙሽራ ያለችበት ግቢ ውስጥ ሙሾ ይውረድ ነው የምትለኝ? ይህ ነገር ከአንተ አፍ እንዳይወጣ። ከወጣ አራተኛውን ክፍል የሚፈልግ ሞልቷል።»

የፈራሁት ለክፍሌ አልነበረም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ሌላ ክፍል አላጣም ነበር፤ ደመወዝ ያለኝ ወንድ ነኝ። ግን ለራሴ ሌላ ምክንያት ሰጠሁት፦ ሽማግሌዎች የኀዘንን ቀን ያውቃሉ፣ እኔ ደግሞ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ አልኩ። በዚያ ማታ ምንም ጮክ ብዬ አላነበብኩም። ከግድግዳው ማዶ «አንተ መምህር፣ ደህና ነህ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት።

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር።

ቧንቧው ተከፈተ። መፋቂያዬን አፌ ውስጥ ይዤ ከኋላዋ ቆሜአለሁ። ባልዲዋን አስቀመጠችና እንደ ልማዷ ጀመረች።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ። ያ ነገር እንዴት ሆነ?»

አቶ ሳህሌ ውሃውን አዩ። ባልዲው ግማሽ ሆነ።

«እሺ» አሉ።

«እ?»

«እሺ አልኩሽ። ሠርጉ ይለፍና እናትሽን አምጫቸው።»

ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ። በሌላ ቀን ቢሆን ለጠብታዋ የሚጮኹት ሰውዬ ያን ቀን ቧንቧውን አልዘጉም። አሰጋሽ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸው ቀስ ብለው እግራቸውን አሸሹና ከጣሪያው በላይ ወዳለው ሰማይ ቀና አሉ። ለስድስት ወር አንዲት ጥግ የነፈጓቸው እናት ቦታ የማይይዙ ሆነው ሲያገኟቸው ሙሉውን ክፍል ፈቀዱላቸው። መፋቂያው አፌ ውስጥ ተሰበረ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አሰጋሽ የሠርጉ ቤት ልጅ ሆነች። ከፈረቃ መልስ ጌሾ ትወቅጣለች፣ ድስት ትፈትጋለች፣ እንጨት ታስፈልጣለች። በተረፋት ጊዜ ደግሞ ክፍሏ ውስጥ መደብ ትሠራለች። ቂሊንጦ በኩል ካሉት አውድማዎች ጭድ ለምና አመጣች፤ ጭቃውን በእግሯ ረግጣ አቦካችው። በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጠራችኝ።

«አንተ መምህር፣ ና እስኪ እዚህ ላይ ተኛ።»

«ምን ላይ?»

«መደቡ ላይ ነዋ! ደርቋል። እናቴ ደረትህ ጋ ነው የምትደርሰው፤ አንተን ከቻለ እሷን ይችላል።»

እንቢ ለማለት ምክንያት አጣሁ። ሰሌን አነጠፈችልኝና ተኛሁ። ጭቃው ቀዝቃዛ ነበር።

«እግርህን ዘርጋ እንጂ፤ ምን ሬሳ ይመስል ይገተራል! እሷ ትገላበጣለች። ገልበጥ በል እስኪ።»

ተገላበጥኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አደረግሁና እዚያው ቆየሁ።

«ይመቻል?»

«ይመቻል» አልኳት።

ለሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ሴቶቹ ለወጥ የሚሆነውን ሽንኩርት ሊልጡ ግቢው መሃል ተቀመጡ። ሦስት ጆንያ ሽንኩርት። የአቶ ሳህሌ ሚስት ወይዘሮ የሺሐረግ ነገሩን ያውቃሉ፤ ለመጀመሪያው ክፍል ተከራይ ለሙሉአለም ነግረዋታል፤ ሙሉአለም ደግሞ ለሰፈሩ። የማታውቀው አንዷ ብቻ ናት፤ እሷም ከሁሉ ፈጥና ትልጣለች። ሌሎቹ ቀና ብለው ባዩዋት ቁጥር ያለቅሳሉ።

«ኧረ ሙሉአለም! አንቺ ገና ቢላ ሳትይዢ ጀመርሽ?»

«የዘንድሮ ሽንኩርት ኃይለኛ ነው» አለች ሙሉአለም፣ በክንዷ ዓይኗን እየጠረገች።

«እንዲህ ነው የከተማ ሴት! እናቴ ትምጣና ታስተምራችሁ። ሽንኩርት ስትልጥ አፏ ውስጥ ውሃ ትይዛለች። እስክትጨርስ አትውጠውም፣ አትተፋውም። ዕንባ የሚባል አይወጣትም።» ጉንጯን ነፍታ አሳየቻቸው። «አዩ እትዬ የሺሐረግ? እንዲህ።»

ወይዘሮ የሺሐረግ ቢላቸውን ጥለው ወደ ቤት ገቡ።

«እሳቸውንም በላቸው!» አለች አሰጋሽ እየሳቀች።

የሠርጉ ዕለት ሚዜዎቹን በር ላይ ይዛ ያስለመነቻቸው እሷ ናት። ዘፈኑን የምታወጣው እሷ፣ ከበሮውን የምትቀማው እሷ። እንግዶች «ይህች ማን ናት?» ሲሉ አቶ ሳህሌ «ልጃችን ናት» ይሉ ነበር። ከሙሽራው ወገን የመጡ፣ ምንም የማያውቁ አንድ ሽማግሌ ሥጋ ስትጨምርላቸው እጇን ያዙና መረቋት።

«እናትሽን ያቆይልሽ፣ ልጄ።»

«አሜን» አለች አሰጋሽ።

ምርቃት ነውና ዳሱ ውስጥ ያለነው ሁላችንም አሜን አልን። እኔም አልኩ።

ሰኞ በጠዋቱ ባቡር ወደ አዋሽ ልትሄድ ከፋብሪካው ፈቃድ ወስዳ ነበር። ስለዚህ አቶ ሳህሌ የመረጡት ቀን ሌላ ሊሆን አይችልም። ጎሕ ሲቀድ አቶ ሳህሌና ሦስት የሰፈር ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሦስተኛው በር ፊት ቆሙ። እኔና ሙሉአለም ከኋላ ነን። አቶ ሳህሌ ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሡ በሩ ተከፈተ። አሰጋሽ ጫማዋን አድርጋለች፤ ጸጉሯን ተሠርታለች፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ አዲስ ጋቢ በብብቷ ይዛለች።

«ውይ ጋሼ!» አለች በሳቅ። «ልትሸኙኝ ነው ሁላችሁም?»

ከዚያ ነጠላውን አየች።

እንደሚደረገው ሁለት ሴቶች ከግራና ቀኝ ሊይዟት ቀረቡ። አልወደቀችም። አልጮኸችም። በሩን ይዛ ቆመች።

«መቼ?»

«እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ፤ ሁላችንም በዚያው…»

«መቼ ነው ያልኩት።»

«ዓርብ» አሉ አቶ ሳህሌ።

«ያለፈው ዓርብ?»

«ከዚያ በፊት።»

«ከዚያ በፊት ያለው?»

«ከእሱም በፊት።»

ጣቷን ማጠፍ ጀመረች። ቀን እየቆጠረች ነበር። አንድ ጣት ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ያንን ጣት ይዛ አቶ ሳህሌን ቀና ብላ አየቻቸው።

«እሺ ያሉኝ ማክሰኞ ነው።»

አቶ ሳህሌ የነጠላቸውን ጫፍ ያዙ።

«ማክሰኞ ያውቁ ነበር?»

«ልጄ፣ ትንሽ ደስ ይበልሽ ብዬ ነው። ያንቺን ልብ…»

«በሕይወት እያለች አንድ ጥግ ከለከሏት። ሞተች ሲሉዎት አስገቧት።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አንዱ፣ ሰቦቃ የሚባሉ ጎረቤት፣ ወደ አቶ ሳህሌ ዞረው «ማክሰኞ ምን ነበር?» ብለው ጠየቁ። አቶ ሳህሌ ግን ፈጥነው ደግነት የመሰላቸውን ነገር አመጡ።

«ዳሱ እንደ ቆመ ነው። ወንበሩም አልተመለሰም። እዚሁ ተቀመጪ፣ ሦስቱንም ቀን፤ ወጪው በእኔ። አስተዛዛኙ ሁሉ…»

«በሠርግ ዳስ እናቴን አላለቅስም።»

ጋቢውን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ከደፉ ወርዳ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ድንጋዩ ለእግር የተጠረበ ስለነበር ለመቀመጫ ጠቧታል፤ ጉልበቷ አገጯ ጋ ደረሰ።

ሦስት ቀን እዚያ ላይ ዋለች። የፈትል ክፍል ሴቶች ከፈረቃ ሲወጡ ብናኙን ከጸጉራቸው ሳያራግፉ እየመጡ ፀሐይ ላይ ቆሙ። ዳሱ በአምስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ባዶ፣ ከነቄጠማው ተዘርግቷል። የመጣው ሁሉ «ለምን ጥላው ውስጥ አትገቢም?» ይላታል። ለሁሉም የምትመልሰው አንድ ነበር።

«እናቴ የገባችው እስከዚህ ድረስ ነው።»

ሌላ አልተናገረችም። አላለቀሰችምም። ከንፈሯ ገጥሞ፣ ጉንጯ ትንሽ ነፋ ብሎ፣ አፏ ውስጥ ውሃ የያዘች ትመስል ነበር። በሁለተኛው ቀን አቶ ሳህሌ ወደ ግቢው የሚያየውን መስኮታቸውን ዘጉ። በሦስተኛው ቀን ዳሱን አስፈረሱት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ዶማ ተውሳ መደቡን አፈረሰችው። አፈሩን በቅርጫት እያወጣች ጓሮ ደፋች፤ ክፍሉን ጠረገች። ስትጨርስ የነበራት ሁሉ በአንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ገባ። አቶ ሳህሌ በረንዳቸው ላይ ቆመው ነበር።

«ማን አስወጣሽ?» አሉ፣ ለጎረቤት እንዲሰማ ከፍ አድርገው። «እኔ ውጪ አላልኩሽም።»

«አላሉኝም፣ ጋሼ።»

«አሥራ አንድ ዓመት የኖርሽበት ቤት ነው። መደቡንስ ለምን አፈረስሽው?»

«የተከራየሁት ለአንድ ሰው ነው።»

ቁልፉን ለሙሉአለም ሰጠቻት። አቶ ሳህሌ አንዳች ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ «እንግዲህ» የምትለዋ ቃል ግን አልወጣችላቸውም። ድንጋዩን አላነሣችውም። ሣጥኑን እኔ ተሸከምኩላት።

ወደ ጣቢያው የምትሄደውን የእግር መንገድ ይዘን ሐዲዱ ጋ ደረስን። ጤፍ በታጨደበት ሜዳ ላይ ነፋሱ ጭዱን ያነሣዋል። ፋብሪካው ፊሽካውን ነፋ፤ እሷ ቀና አላለችም። መጀመሪያ የእናቷን መቃብር ልታይ አዋሽ እንደምትሄድ ነገረችኝ። ከዚያስ አልኳት። «ከዚያ አላውቅም» አለች። ትንሽ እንደሄድን ቆመች።

«ኩምሳ ቴሌግራም ነው የላከው አሉ።»

«አዎ።»

«ከጣቢያው የሚመጣው በፈረንጅ ፊደል ነው። ጋሼ ሳህሌ የፈረንጅ ፊደል አያውቁም።»

ሣጥኑ ትከሻዬ ላይ ከበደኝ። አላወረድኩትም።

«አንተ ነህ ያነበብክላቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«ሰኞ። ከማክሰኞው በፊት ያለው ሰኞ።»

«መደቡ ላይ የተኛኸው ሐሙስ ነው።»

«ሐሙስ ነው።»

ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ድንጋዩ ላይ ሦስት ቀን ስትቀመጥ ያላየኋት ዕንባ ያን ጊዜ ዓይኗ ላይ መጥቶ ሳይወርድ ቆመ።

«ድምፅህ ጥሩ ነው፣ መምህር» አለች። «ለእሳቸው እንዳነበብክላቸው ለእኔ አንድ ጊዜ ብታነብልኝ ምን ነበር?»

እጇን ዘረጋች። ሣጥኑን ከትከሻዬ አወረደችና በራሷ ላይ አደረገችው፤ ጋቢውን ከነጋዜጣው በብብቷ ያዘች። ልከተላት አንድ እርምጃ ስራመድ በነፃ እጇ፣ ዶሮ እንደሚመልስ ሰው፣ መለሰችኝ። ከዚያ ወደ ጣቢያው በሐዲዱ መሃል ሄደች። ሐዲዱን የተሸከሙት አግዳሚ ብረቶች የተቀመጡት ለአጭር እርምጃ ነው፤ እሷ ግን ረጅም ናት፤ አንዱን እየተሻገረች ሌላውን እየረገጠች ሄደች።